አንድ የመርፌ መድኃኒት አምፑል ስንት ቦታ ይጻፋል? የመድኃኒት ኦዲተር ሥራ ሲብራራ

እ.ኤ.አ. በ1994 መገባደጃ ላይ ቤትሲ ሌማን የተባለች የ39 ዓመት ጋዜጠኛ በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የካንሰር ሕክምና በመከታተል ላይ ሳለች አረፈች። ለጋዜጣዋ የምትጽፈው ስለ ጤና ነበር፤ የተኛችበት ሆስፒታልም በዘርፉ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ ነበር። ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለው የካንሰር መድኃኒት በአራት ቀናት ተከፋፍሎ እንዲሰጣት የታሰበው ጠቅላላ መጠን፣ ለአራት ቀናት በየቀኑ ሙሉ በሙሉ ተሰጣት። ትእዛዙ በሐኪሞች፣ በፋርማሲና በነርሶች እጅ አልፏል፤ ያስቆመው ግን አልነበረም። ስህተቱ የታወቀው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ሲሆን፣ ያወቁትም በአልጋዋ አጠገብ ከቆሙት ባለሙያዎች መካከል አልነበሩም። የሕክምና መረጃዎችን በመደበኛ ሥራቸው ሲያገላብጡ የነበሩ የመዝገብ ሠራተኞች ናቸው የማይገጥም ቁጥር ያዩት።

ይህን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር የሚያስደነግጠኝ የመጠኑ ብዛት ብቻ አይደለም። ለሁለት ወር ያህል ስህተቱ በወረቀት ላይ ሰፍሮ በግልጽ ተቀምጦ ነበር። የጠፋው ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አድርጎ የሚያያቸው ሰው ነበር። የመድኃኒት ኦዲተር ማለት ያ ሰው ነው።

ኦዲተር ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ደረሰኝና ካዝና ነው። የመድኃኒት ኦዲተር ግን ከገንዘቡ በፊት የሚጠይቀው መድኃኒቱ የት እንደ ገባ ነው። የነርስ ተማሪዎች ገና በመጀመሪያ ዓመታቸው ከሚማሯቸው ነገሮች አንዱ አምስቱ ትክክለኛዎች የሚባሉት ናቸው፤ ትክክለኛው ታካሚ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው የአሰጣጥ መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት። ነርሷ እነዚህን የምትጠብቀው በአንድ ታካሚና በአንድ ቅጽበት ነው። ኦዲተሩ ደግሞ እነዚያው አምስቱ በመቶዎች በሚቆጠሩ ታካሚዎችና በብዙ ሳምንታት ውስጥ መጠበቃቸውን ይመረምራል።

አንድ መድኃኒት ታካሚው ሰውነት ውስጥ እስኪገባ ድረስ ብዙ ቦታ አሻራውን ይተዋል። ሐኪሙ በታካሚው ካርድ ላይ ያዛል። ፋርማሲስቱ ማዘዣውን አይቶ ያድላል። በመጋዘን ባለው ቢን ካርድ፣ ማለትም የእያንዳንዱ መድኃኒት ገቢና ወጪ በሚጻፍበት ካርድ ላይ፣ ወጪ ይመዘገባል። የታካሚዎች ክፍል በራሱ መዝገብ ይረከባል። ነርሷ የሰጠችበትን ሰዓትና መጠን ትጽፋለች። የተረፈ ካለ መወገዱ በሁለት ሰው ፊርማ ይረጋገጣል። በመጨረሻም ሒሳብ ክፍል ያስከፍላል። እነዚህን መዝገቦች የጻፉት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ የጻፉትም በተለያየ ሰዓትና ለተለያየ ዓላማ ነው። ተመካክረው ስላልጻፏቸው፣ ሁሉም አንድ ታሪክ ከተናገሩ ታሪኩ እውነት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አንዱ ከሌላው ከተጋጨ ኦዲተሩ እዚያ ላይ ቆሞ ይጠይቃል።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የወጣ አንድ አምፑል

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ፌንታኒል ከሞርፊን እጅግ የሚበረታ የሕመም ማስታገሻ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው 100 ማይክሮግራም በያዘ የ2 ሚሊ ሊትር አምፑል፣ ማለትም በታሸገ ትንሽ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ነው። ሐኪሙ 50 ማይክሮግራም አዘዘ እንበል። ከሌሊቱ 8፡10 ላይ አንድ አምፑል ከተቆለፈው ሳጥን ወጣ። በ8፡15 ታካሚው 50 ማይክሮግራም እንደ ተሰጠው በነርስ መዝገብ ሰፈረ። ቀሪው 50 ማይክሮግራም ሌላ ባለሙያ እያየ መወገድና በሁለት ፊርማ መመዝገብ አለበት። ኦዲተሩ የማስወገጃውን መዝገብ ሲከፍት ግን ፊርማው የተደረገው በ11፡40 ሆኖ ያገኘዋል፤ የምስክሩ ስም ደግሞ በዚያ ሌሊት ተረኛ ያልነበረ ሰው ነው።

ይህ ምን ማለት ነው? ምናልባት በሥራ ብዛት ተረስቶ ንጋት ላይ በችኮላ የተሞላ ወረቀት ይሆናል። ምናልባት ለሌላ ሠራተኛ ተረኝነት ተቀይሮ የተረኞች ዝርዝር አልተስተካከለም። ምናልባትም ግማሹ አምፑል በሰው ኪስ ወጥቷል። ልምድ የሌለው ኦዲተር ከሦስቱ አንዱን ይመርጥና በዚያው ይሮጣል። ልምድ ያለው ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ሌሎች ሌሊቶችን ያያል። የአንድ ቀን ክፍተት ብቻውን ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው መደጋገሙ ነው። አንድ ሠራተኛ ተመሳሳይ ታካሚዎችን በተመሳሳይ ተራ ከሚያክሙ ባልደረቦቹ ይልቅ እጥፍ ድርብ ፌንታኒል የሚያወጣ ከሆነ፣ የሚወስደውም ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው የሚተልቀውን አምፑል ከሆነ ጥያቄው ይከብዳል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የታካሚው የሕመም መለኪያ ነው። ብርቱ ማስታገሻ እንደ ተሰጠው በመዝገብ የተጻፈለት ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላም ሕመሙ ያው ከሆነ፣ ወደ ደም ሥሩ የገባው ምን እንደ ነበር መጠየቅ ግድ ነው።

ይህ ጥርጣሬ ከመሬት የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ግዛት አንድ የልብ ሕክምና ክፍል ቴክኒሻን የፌንታኒል ሲሪንጅ እየሰረቀ ለራሱ ሲወጋ፣ ከዚያም ሲሪንጁን በጨው ውኃ ሞልቶ ሲመልስ እንደ ቆየ ታወቀ። ሰውየው ሄፓታይተስ ሲ ነበረበት። በሠራባቸው ሆስፒታሎች ከ40 የሚበልጡ ታካሚዎች በዚሁ መንገድ በቫይረሱ ተያዙ። በ2013 የ39 ዓመት እስራት ተፈረደበት። እነዚያ ሰዎች ማስታገሻ ጠብቀው የተሰጣቸው በሽታ ነው። የማስወገጃ መዝገብን እንደ ቢሮ ወግ የሚያይ ሰው ሲገጥመኝ ይህን እነግረዋለሁ።

የማይታየው ስህተት

የመድኃኒት ኦዲት ስርቆትን መያዝ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። ስርቆት ከሥራው ጥቂቱ ነው። የሚበዛው ማንም ክፉ ሳያስብ የሚፈጠር ስህተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የመድኃኒት ጉዳትን ለመቀነስ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሲጀምር፣ በዓለም ዙሪያ የመድኃኒት ስህተቶች በዓመት 42 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ እንደሚያስወጡ ገምቶ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ስህተት ምን ያህሉ ይታየናል? እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በ36 የጤና ተቋማት ለታካሚ የተሰጡ 2,556 መጠኖችን በሦስት መንገድ መረመረ። በተመራማሪ ፋርማሲስት የተረጋገጡት ስህተቶች 457 ነበሩ። ከነርሷ ጎን ቆሞ የመድኃኒት አሰጣጡን የተመለከተ ሰው 300ውን አገኘ። የታካሚውን ካርድ ያገላበጠ ሰው 17 ብቻ አገኘ። ሠራተኞች ራሳቸው በፈቃዳቸው ከሚሞሉት የስህተት ሪፖርት የተገኘው ደግሞ አንድ ነው። ከ457 አንድ!

ይህን ቁጥር ሳነብ ያፈርኩት በራሴ ልማድ ነው። ለዓመታት የሠራሁት በአብዛኛው ካርድ በማገላበጥ ነበር። በካርድ ላይ የሚታየው ጻፊው ያደረገ የመሰለው ነገር ነው፤ የተሳሳተ ብልቃጥ ያነሳ ሰው የሚጽፈው የትክክለኛውን ስም ነውና። ስለዚህ ደህና ኦዲት ከጠረጴዛ ይነሳል። ተመልካቹ ትእዛዙን አስቀድሞ ሳያውቅ ይቆማል፣ ያየውን ብቻ ይጽፋል፣ ከትእዛዙ ጋር የሚያስተያየው በኋላ ነው። አስቀድሞ ካወቀ ዓይኑ የሚጠብቀውን ያያል። አንድ ነገር ግን ከዘዴው ሁሉ ይበልጣል፤ ታካሚን የሚጎዳ ነገር ሊፈጸም ሲል ያየ ተመልካች እስክሪብቶውን ጥሎ ማስቆም አለበት።

በነዚያው ተቋማት በተደረገ ተጓዳኝ ጥናት ከ3,216 መጠኖች 605ቱ፣ ማለትም 19 በመቶው፣ ስህተት ነበረባቸው። ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው ያለ ሰዓቱ መስጠት ነው፤ 43 በመቶ። ከዚያ ጨርሶ ሳይሰጥ መቅረት 30 በመቶ፣ የተሳሳተ መጠን 17 በመቶ። አብዛኛው ስህተት ጉዳት ሳያደርስ ያልፋል። ጉዳት ሊያደርሱ ይችሉ ነበር የተባሉት ከስህተቶቹ 7 በመቶ ያህሉ ናቸው። የቫይታሚን ፍሬ አንድ ሰዓት መዘግየቱና ኢንሱሊን በአሥር እጥፍ መሰጠቱ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም፤ ሁለቱንም “አንድ ስህተት” ብሎ የሚቆጥር ሪፖርት ለማንም አይጠቅምም።

ዓይን የት ያርፋል?

ሁሉን መዝገብ መመርመር አይቻልም። ስለዚህ ከፊሉ በዕጣ ይመረጣል፤ ከፊሉ ደግሞ ሆን ተብሎ ከአደገኞቹ መድኃኒቶች ይወሰዳል። ኢንሱሊን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን፣ ሞርፊንና መሰሎቹ፣ ያልተቀጠነ ፖታሲየም ክሎራይድ፣ የካንሰር መድኃኒቶች፤ እነዚህ ሲሳሳቱ የሚምሩ አይደሉም። ያልተቀጠነ ፖታሲየም ክሎራይድ በቀጥታ ወደ ደም ሥር ከገባ ልብን ያቆማል። ስለዚህ ኦዲተሩ ወደ ታካሚዎች ክፍል ሲገባ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ይህ ብልቃጥ በመደርደሪያው ላይ፣ ከተራው ማቅጠኛ ውኃ አጠገብ፣ ተቀምጦ እንደ ሆነ ነው። ካለ ስህተት እስኪፈጠር አይጠበቅም፤ መቀመጡ ራሱ ግኝት ነው።

ሜቶትሬክሴት ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህ መድኃኒት በካንሰር ሕክምና ያገለግላል፤ በአነስተኛ መጠን ደግሞ ለመገጣጠሚያ ብግነት ይታዘዛል። ለመገጣጠሚያ ሲሆን የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ከሞላ ጎደል የምናውቃቸው ፍሬዎች ሁሉ በየቀኑ የሚዋጡ ስለሆኑ የሐኪሙ እጅ፣ የፋርማሲስቱ ዓይንና የታካሚው ልማድ ሁሉ ወደ “በየቀኑ” ያዘነብላሉ። በየቀኑ የወሰዱት ሰዎች መቅኒያቸው ደም ማምረት አቁሞ ሞተዋል። ኦዲተሩ ማድረግ ያለበት ቀላል ነው፤ ካንሰር የሌለባቸው ታካሚዎች ሜቶትሬክሴት በየቀኑ የታዘዘላቸው እንደ ሆነ ከመዝገቡ ለይቶ ማውጣት። ፍለጋው የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። በእኔ እምነት ከሙሉ ወር የወረቀት ቆጠራ ይልቅ ይህ አንድ ፍለጋ ይበልጣል።

ጽሕፈትም ራሱ ይገድላል። “1.0” ተብሎ የተጻፈ መጠን ነጥቡ ሲደበዝዝ 10 ይሆናል። ከፊቱ ዜሮ የሌለው “.5” ደግሞ 5 ይሆናል። ኢንሱሊን የሚለካበት ዩኒት በመነሻ የላቲን ፊደሉ ብቻ ሲጻፍ፣ ፊደሉ ዜሮ መስሎ 4 ዩኒት 40 ሆኖ ይነበባል። የስም መመሳሰልም አለ። ለጨጓራ አሲድ የሚሰጠው ሎሴክ ከሚያሸናው ላሲክስ ጋር እየተምታታ ስላስቸገረ እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ስሙ ተቀይሮ ፕሪሎሴክ ተባለ። አንድ መድኃኒት በሁለት ስም መታዘዙም የተለመደ ነው፤ ፓራሲታሞል ለብቻው ታዝዞ፣ ከጉንፋን መድኃኒቱም ውስጥ ፓራሲታሞል ይኖራል። ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም እንዳያልፍ የተቀመጠው ገደብ ሳይታወቅ ይታለፋል፤ ጉበት ይጎዳል።

መጋዘኑን ባጭሩ ልለፈው። ቀድሞ ጊዜው የሚያልፍበት ቀድሞ ይውጣ የሚለው ደንብ መጠበቁ፣ በካርድ ያለው ቁጥርና በመደርደሪያ ያለው ቁጥር መግጠሙ፣ የማቀዝቀዣው ሙቀት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑ ይታያል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በጣም ንጹሕ የሆነ መዝገብ ያሳስበኛል። የወሩ ሠላሳ ቀን ጠዋትና ማታ “4 ዲግሪ” ተብሎ፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ የተሞላ የሙቀት ሰንጠረዥ ሲገጥመኝ ማቀዝቀዣውን እከፍታለሁ። እውነተኛ ማቀዝቀዣ አንድ ቀን 3፣ ሌላ ቀን 5 ይላል። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሆነ መልሶ ቢሟሟም አይሠራም፤ መልኩን በማየት ብቻ ግን ይህን ማወቅ ያስቸግራል።

ስሌት ሳይሆን መድኃኒቱን ማወቅ

ለጤና መድን ድርጅቶች የሚሠሩ የመድኃኒት ኦዲተሮችም አሉ። ሥራቸው ፋርማሲው ያስከፈለውን ከማዘዣው ጋር ማስተያየት ነው። እዚህ ስሌት ብቻ የሚያውቅ ሰው ንጹሑን ይከስሳል። አንድ የ10 ሚሊ ሊትር የኢንሱሊን ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ይይዛል። በቀን 20 ዩኒት ለሚወስድ ታካሚ በስሌት 50 ቀን ይበቃል። ታካሚው ግን በየ28 ቀኑ አዲስ ብልቃጥ ይወስዳል። በወረቀት ላይ እጥፍ ገደማ እየወሰደ ይመስላል፤ ይሸጠዋል ብሎ የሚጠረጥርም አይጠፋም። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ብዙዎቹ የኢንሱሊን ዓይነቶች ከተከፈቱ ከ28 ቀን በኋላ ይጣላሉ። ታካሚውም ፋርማሲውም ያደረጉት ትክክል ነው። በዚህ ምክንያት የመድኃኒት ኦዲተሮች ብዙውን ጊዜ ከፋርማሲ ወይም ከነርስነት ሙያ የሚመጡ ናቸው። ኮምፒውተር ያልገጠመውን ቁጥር በሰከንድ ያወጣል፤ ለምን እንዳልገጠመ ግን አይነግርም።

ሰውን ነው ወይስ አሠራሩን?

እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት አንዲት ነርስ ለምርመራ የምትጠባበቅን ታካሚ ለማረጋጋት ሚዳዞላም ልትሰጥ ሄደች። መድኃኒቱ የሚወጣው በኮምፒውተር ከሚከፈት ሳጥን ነው። የንግድ ስሙን (ቬርሴድ) ሁለት የመጀመሪያ የላቲን ፊደላት ስትጽፍ መድኃኒቱ አልመጣም፤ ሳጥኑ የሚፈልገው በሳይንሳዊ ስም ነበርና። የአስቸኳይ ጊዜ ማለፊያውን ተጠቅማ በነዚያው ፊደላት የሚጀምረውን ቬኩሮኒየም አወጣች። ቬኩሮኒየም ጡንቻን ሁሉ የሚያሽመደምድ መድኃኒት ነው፤ ታካሚዋ መተንፈስ አቅቷት ሞተች። በመንገዱ ብዙ ማስጠንቀቂያዎች ታልፈዋል። በ2022 ነርሷ በወንጀል ጥፋተኛ ተብላ ለሦስት ዓመት በክትትል እንድትቆይ ተፈረደባት። የብዙ አገር ነርሶች በዚህ ፍርድ ደነገጡ።

ኦዲተር ፈራጅ አይደለም። በዚህ ታሪክ ውስጥ የእሱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት በነበሩት ወራት ያ የአስቸኳይ ማለፊያ በቀን ስንት ጊዜ ይከፈት ነበር? የሚከፈተው ለእውነተኛ አደጋ ነው ወይስ ፋርማሲው ስለሚዘገይ? አሽመድማጅ መድኃኒት ለምን ከማረጋጊያ ጋር በአንድ ሳጥን ይቀመጣል? እነዚህ ጥያቄዎች አደጋው ሳይደርስ ሊጠየቁ የሚችሉ ነበሩ፤ መልሳቸውም የሚገኘው በየወሩ ከሳጥኑ በሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ነው። ያንን ዝርዝር በየወሩ የሚያነብ ሰው መኖሩ ለእኔ ከየትኛውም ቅጣት ይበልጣል።

ግኝት አጻጻፍ ላይ ልዩነቱ ይታያል። “ነርሶቹ ቸልተኞች ናቸው” ብሎ የሚደመድም ሪፖርት ቁጣ እንጂ ኦዲት አይደለም። ደህና ግኝት ምን መሆን እንደ ነበረበት፣ ምን እንደ ሆነ፣ ለምን እንደ ሆነና ምን ሊያስከትል እንደሚችል በየተራው ይናገራል። ለምሳሌ፦ “ማንኛውም የተረፈ ናርኮቲክ (እንደ ፌንታኒል ያለ ብርቱ ማስታገሻ) በሁለት ባለሙያ ፊርማ ይወገዳል። ከታዩት 60 መዝገቦች በ14ቱ የምስክር ፊርማ የለም። ከነዚህ 11ዱ የሌሊት ተራ ናቸው። በሌሊት በክፍሉ የምትመደበው ነርስ አንዲት ብቻ በመሆኗ ምስክር የሚሆን ሰው አይገኝም።” ይህን ያነበበ ኃላፊ ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ የሰው ምደባውን ያያል።

ይህን ያስተማሩኝ መጽሐፍት አይደሉም። በሥራዬ መጀመሪያ ላይ ስለ አንድ የሕሙማን ክፍል ጠንካራ ቃላት የበዙበት ረቂቅ ጽፌ ነበር። የክፍሉ አንጋፋ ነርስ ረቂቁን አንብበው ምንም አልተቆጡም፤ አንድ ሌሊት አብሬያቸው እንዳድር ብቻ ጋበዙኝ። አደርኩ። ሁለት ታካሚዎች በአንድ ጊዜ ሲደክሙ፣ ስልክ ሲጮኽ፣ የደም ከረጢት ሲመጣ አየሁ። እሳቸው የተረፈውን መድኃኒት በሲሪንጅ ይዘው ምስክር ፍለጋ ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ሲመላለሱ አየሁ። ንጋት ላይ ረቂቁን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩት። ጉድለቱን ከሪፖርቱ አልሰረዝኩትም፤ ጉድለቱ እውነት ነበር። ምክንያቱ ግን በሁለት የታካሚዎች ክፍሎች መካከል ያለው ኮሪደር ነበር።

ሪፖርት ገብቶ ፋይል ውስጥ ከቀረ ኦዲቱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ማስተካከያው ከተደረገ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከሦስት ወር በኋላ፣ ያንኑ ክፍል፣ ያንኑ ዓይነት መዝገብ፣ በዚያው መለኪያ እንደገና መክፈት አለ። ለዚያ ክፍል የተገኘው መፍትሔ የአጎራባቹ ክፍል ነርስ በስልክ ተጠርታ እንድትመሰክር ማድረግ ነበር። በሦስተኛው ወር ተመልሼ የማስወገጃውን መዝገብ ከመጨረሻው ገጽ ወደ ኋላ ስገልጥ ሁለት ፊርማዎች፣ ሁለት የተለያዩ እጅ ጽሑፎች፣ ከተሰጠበት ሰዓት ብዙም ያልራቀ ሰዓት አየሁ። ፊርማ የጎደለባቸው ጥቂት ሌሊቶች ግን አሁንም ነበሩ። የተረኞችን ዝርዝር አስመጣሁና ቀኖቹን አንድ በአንድ አስተያየሁ፤ በነዚያ ሌሊቶች አጎራባቹም ክፍል የነበረው አንድ ነርስ ብቻ ነበር።